የዘጋ ያሸክማል

በእኛ ሰፈር ስሜን የማያውቅ ካለ ውሃ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የቦኖው ቁልፍ ስድስት ዓመት ሙሉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ እዘጋለሁ፤ በመሃሉ ስጮህ እውላለሁ። «አንቺ፣ ባልዲሽን ወደ መስመር መልሺ!» «እሜቴ፣ ይሄ እንስራ ነው ወይስ ጎተራ?» ማዶ ያለው ባለሱቅ ረሻድ፣ «አስካለች ጉንፋን የያዛት ቀን ሬዲዮኔ የተበላሸ ይመስለኛል» ይል ነበር። ይበል! እኔ እንደሆን ጩኸቴ ነበር ጌጤ።

ታዲያ ይህቺ ጯኺ ሴት አንድ ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ውሃ እየለመነቻት፣ አፏን ለጉማ ቆማለች። ዛሬ የማወራችሁ እሱን ነው። ብዙ ሰው የዚያን ዘመን ነገር ሲያወራ ጀግና ሆኖ ነው የሚያወራው። እኔ ጀግና አልነበርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ያውም ጉልበቷ የሚንቀጠቀጥ፣ ምራቋ የሚደርቅ ፈሪ።

ቦኖው ሁለት ሕግ ነበረው። አንዱ የቀበሌው ሕግ ነው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበታል። ለአንድ ቤት በቀን ሁለት እንስራ፣ የውሃ ካርድ የሌለው አይቀዳም። ሌላው የሴቶቹ ሕግ ነው፤ እሱ የትም አልተጻፈም፣ ግን የሚጥሰው የለም። በሴቶቹ ሕግ የዘጋ ያሸክማል። እንስራ ሲሞላ ቧንቧውን የዘጋ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እንስራውን አንስቶ የባለቤቲቱ ጀርባ ላይ ያደርግላታል። አብዛኛውን ጊዜ የምዘጋው እኔ ስለሆንኩ የወገቤን ነገር አትጠይቁኝ።

ደግሞ የአራስ እንስራ አለ። ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ስትወልድ፣ ከቤቷ በስተቀኝ ካለው ደጅ ጀምሮ ጎረቤት በየቀኑ ተራ እየገባ አርባ ቀን ውሃ ይቀዳላታል። የእንስራው አንገት ላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ይታሰራል። ቅጠል ያሰረ እንስራ ሰልፍ አይጠብቅም፤ መጥቶ ፊት ይቀዳል። የማን ነው ተብሎም አይጠየቅም። የአራስ ስም በሰልፍ መሃል ከተጠራ ዓይን ያገኛታል ይባላል። ጴንጤዎቹ «እኛ በዓይን አናምንም» ይላሉ፤ ግን እነሱም ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በ1976 በጋ ነው። የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሰማዩ እንደ ምጣድ የጋለበት ዓመት። ከቦኖው ጀርባ፣ በአንድ የእንሰት ጓሮ ብቻ ተለይቶ፣ የአናጺው የማቴዎስ ቤት አለ። ማቴዎስ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የቦኖውን በር የሠራው ራሱ ነው። የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ አምስት ስድስት ሰው ቤቱ ሰብስቦ ይጸልያል ተብሎ ጥር ላይ ወሰዱት። የት እንደወሰዱት አይነገርም። ዱራሜ ነው የሚሉ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ነው የሚሉም ነበሩ። ሚስቱ ጣቢታ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ብቻዋን ቀረች።

አንድ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ጥላዬ አስነሳት። ባሏን በሕዝብ ፊት እንድታወግዝ፣ ከዚያም ግራ እጇን አውጥታ መፈክር እንድታሰማ። ጣቢታ አግዳሚውን ተደግፋ ተነሳች።

«ባሌ በር ይሠራል» አለች። «ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።» ተቀመጠች።

እኔ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ነበርኩ። ወይኔ ጣቢታ! አልኩ በሆዴ። ምን ነበረበት እጅሽን ብታወጪ? እኔ ስንቴ አውጥቻለሁ! አንዳንዴ ሁለቱንም አወጣለሁ፣ ግራው የትኛው እንደሆነ ሲጠፋኝ።

በማግስቱ ጥላዬ ቦኖው ድረስ መጣ። ከኋላው ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ ተገኘ ነበር፤ ተገኘ ከሀቢቾ መንደር የመጣ ነው፣ የስድስት ልጆች አባት። ጥላዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ሰው የሚያስፈራውም በዚያ ነው። የቤቶቹን ዝርዝር ከእጄ ወስዶ የማቴዎስን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው።

«ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ቤት ጠብታ እንዳይሰጥ» አለኝ። «ባሏን ስታወግዝ እንመልስላታለን። ጎረቤት ከድርሻው ቢያካፍላት የዚያም ቤት ካርድ ይሰረዛል። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ጓድ።»

ከጭንቅላቱ በላይ፣ በቦኖው ግድግዳ ላይ፣ «ንፁህ ውሃ የሰፊው ሕዝብ መብት ነው!» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። ያስጻፈው ራሱ ጥላዬ ነው። ቦኖው የተመረቀ ቀን እዚያው ቆሞ ንግግር አድርጎ ነበር፤ እኔም አጨብጭቤለታለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስቆጥር ማታ ማታ የተማርኩትን ጠዋት ጠዋት የምለማመደው በዚያ ጽሑፍ ነበር። «መብት» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያነበብኩት እዚያ ነው።

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ። በ1970 ወንድሜን ዳኘን «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ብለው ወደዚያው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስገቡት። እራቱን አቅርቤ ጠበቅኩት። ቀዘቀዘ፣ አሞቅኩት፤ ደግሞ ቀዘቀዘ። እስከ ዛሬ አምስቱ ደቂቃ አላለቀም። እንግዲህ ሰማይ አይታረስ፣ ሊቀመንበር አይከሰስ። እሺ አልኩ።

ጣቢታ በነጋታው ሳይነጋ መጥታ ተሰልፋ ኖሯል። ተራዋ ደርሶ እንስራዋን ቧንቧው ሥር ስታስቀምጥ እጄ አልንቀሳቀስ አለ።

«ካርድሽ ተሰርዟል» አልኳት። ሁልጊዜ የምጮኸው ሴትዮ ይህንን በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

«እትዬ አስካለች፣ ለእኔ አይደለም። ሆዴ ውስጥ ላለው ነው።»

«ሂጂ ጣቢታ። በእናትሽ ሂጂልኝ።»

ተገኘ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ያየናል። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ጣቢታ ለአፍታ ዞር ብላ ባሏ የሠራውን በር አየች፤ ከዚያ ባዶ እንስራዋን ራሷ አንስታ፣ አንድም ሰው ሳያግዛት፣ ወደ ታች ወደ ወንዙ ወረደች። በዚያ በጋ ወንዙ ወንዝ አልነበረም፤ ከብት የሚገባበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ አረንጓዴ የለበሰ ኩሬ ነበር። ውሃ ከጓሮዋ አጥር አሥር እርምጃ ላይ እየፈሰሰ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ? እኔም ቀጥሎ ላለችው ቀዳሁላት። «ቶሎ በይ!» ብዬ ጮህኩባትም። ምን አድርጋኝ ነው?

ስድስት ቀን ወንዝ ተመላለሰች። በሰባተኛው ቀን ወለደች። አሮጊቷ ጎረቤቷ ወለተ ማርያም አዋለደቻት። ወንድ ነው አሉ። ጩኸቱ በእንሰቱ ጓሮ አልፎ ቦኖው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ወፍራም፣ ቁጡ ጩኸት። በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። እንዲህ ከጮኸስ አይሞትም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በነጋታው ወለተ ማርያም የራሷን ድርሻ ልትቀዳ መጥታ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«የወንዙ ውሃ ሆዷን አጠበው» አለችኝ። «ጡቷ ደረቀ። አጥሚት እንዳልሠራላት በምን ውሃ? ያንኑ አፍልቼ ብሰጣት መልሳ አወጣችው።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ እማማ?» አልኳት። ቁጣዬ መጣ። «ቁልፍ ያዥ ነኝ እንጂ ባለ ቁልፍ ነኝ እንዴ?»

እንስራዋን ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሕፃኑ ድምፅ ቀጥኖ የድመት ግልገል ድምፅ መሰለ። እየቀዳሁ ጆሮዬ እሱ ላይ ነው። እንስራ ሲሞላ ልብ አልልም፣ ውሃው እግሬ ላይ ሲፈስ ነው የምነቃው። ጩኸቱን አልነበረም የፈራሁት፤ ዝም የሚልበትን ደቂቃ ነው። ዝም ሲል እኔ ነኝ የገደልኩት። ጥላዬ አይደለም፣ መንግሥት አይደለም፤ ቧንቧው ላይ ያለው እጅ የኔ ነው።

እንዲህ እያብሰለሰልኩ ሳለ ከሰልፉ ጎን አንዲት ሴት ስታልፍ አየሁ። ወለተ ማርያም ነች። እንስራ ተሸክማለች፤ አንገቱ ላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ታስሯል። ሰልፉ መንገድ ለቀቀላት። ቧንቧው ሥር አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

ከጣቢታ ቤት በስተቀኝ ያለው ደጅ የእሷ ነው። ተራው ተጀምሯል ማለት ነው።

ተገኘን በቆረጣ አየሁት። ቅጠሉን አይቷል። ሚስቱ ስድስት ጊዜ ወልዳለች፣ ትርጉሙን አሳምሮ ያውቃል። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ማዶ፣ ወደ ረሻድ ሱቅ፣ ፊቱን አዞረ። እኔም ከፈትኩት። ውሃው ግማሹ ውጭ ፈሰሰ። ሞላ፣ ዘጋሁ፣ አሸከምኳት። ወለተ ማርያም በቀጥታ ወደ ጣቢታ ደጅ አልሄደችም፤ ወደ ገዛ ቤቷ ገባችና ከጓሮዋ በእንሰቱ ውስጥ አሳለፈችው።

በነጋታው የረሻድ ሚስት ትርፊት ቅጠል ያሰረ እንስራ ይዛ መጣች። በዚያን ቀን ግን ተገኘ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ አስካለች» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔም ልጆች አሉኝ። ትናንት ሳልናገር አድሬያለሁ። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ቢናገር ግን የሚጠየቀው ይሄ ጠመንጃ ነው።»

አልተቆጣሁትም። የሱ ፍርሃት ከኔ በምን ያንሳል? ትርፊትን አሸክሜ ስጨርስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ከቦኖው አጠገብ ወዳለው ቤቴ መጥቶ ዓይኔን ሳያይ፣ «ትፈለጊያለሽ» አለኝ። «ለአምስት ደቂቃ ነው።»

ረሻድ ከሱቁ መስኮት ያየኛል፤ ትርፊት ከኋላው ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ቤቴን ቆልፌ ልሂድ ወይስ ክፍት ልተወው እያልኩ አስብ ነበር። ዳኘ ሲሄድ በሩን ክፍት ትቶት ነበር የሄደው። ቆለፍኩት።

ጥላዬ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ክዳን የተደረገበት የውሃ ጆግ አለ፤ ከኔ ቦኖ የተቀዳ ውሃ። ቁጭ በይ አላለኝም። ብርጭቆው ውስጥ ቀዳና ቀስ ብሎ ጠጣ።

«ቅጠል ያሰረው እንስራ የማን ነው?»

«የአራስ ነው፣ ጓድ።»

«የትኛዋ አራስ?»

«አይጠየቅም እኮ፣ ጓድ።»

«እኔ ግን እየጠየቅኩሽ ነው።»

ጆጉን አየሁ። እሱም አልቸኮለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲመታ፣ ዳኘም እዚህ ቆሞ ይህንኑ ሰዓት ሰምቶ ይሆን እላለሁ።

«የማን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ» አለ። «የምፈልገው የተሸካሚዎቹን ስም ነው። ተገኘ ስማቸውን አላውቅም አለኝ። ትናንት ማን ነበረች? ዛሬስ?»

«አላየሁም፣ ጓድ። ሰልፉ ብዙ ነው። እኔ የማየው የእንስራውን አፍ ነው።»

«አላየሽም።»

«ውሃ እኮ . . .» አልኩ። ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፣ አፌ እኔን አማክሮኝ አያውቅም። «ግድግዳው ላይ የሰፊው ሕዝብ መብት ነው ይላል።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማንበብ ተምረሻል፤ ጥሩ ነው» አለ። «ሰፊው ሕዝብ ማን እንደሆነ የምንወስነው ግን እኛ ነን።»

ከዚያ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። «ነገ ጠዋት እኔ ራሴ ቦኖው ላይ እቆማለሁ። ቅጠል ያሰረ እንስራ ይዛ የምትመጣዋን ሕዝብ እያየ እይዛታለሁ። ቧንቧውን የምትዘጊባት አንቺ ነሽ፤ በገዛ እጅሽ። ካልዘጋሽ ከእሷ ጋር አብረሽ ትገቢያለሽ። ሂጂ።»

መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ። በልቤ ደጅ እየቆጠርኩ ነበር። የመጀመሪያው የወለተ ማርያም ደጅ፣ ቀጥሎ የረሻድና የትርፊት መኖሪያ፣ ሦስተኛው . . . ሦስተኛው ደጅ የእማማ እልፍነሽ ነው። እማማ እልፍነሽ የጥላዬ እናት ናቸው።

እሱ ከተሾመ ወዲህ ጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለ የተወረሰ ቤት ነው የሚኖረው። የእናቱን ደጅ በሳምንት አንዴ ቢረግጥ ነው። ደግሞስ የትኛው ወንድ ነው የውሃ ተራ የሚያውቅ? ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ብነግረው እናቱን ቤት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፣ ተራው ይቆማል፣ ሕፃኑም አብሮ። ባልነግረው ደግሞ ነገ ሁላችንንም ምን እንደሚውጠን እግዜር ይወቅ። አፌን ዘጋሁና ወጣሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እማማ እልፍነሽ ዘንድ ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ ቆመው ለነገ የሚሆን የእንሰት ቅጠል በቢላ እየመረጡ ይቆርጣሉ።

«እማማ፣ ነገ ይቅሩ» አልኳቸው። «ታምሜያለሁ ይበሉ።»

«ለምን እታመማለሁ? ምን ሟርት ነው?»

«ልጅዎ ራሱ ቦኖው ላይ ይቆማል። ቅጠል የያዘችውን እይዛታለሁ ብሏል። እርስዎ እንደሆኑ አያውቅም።»

ቢላው አየር ላይ ቀረ። ከአጥሮቹ ማዶ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል፤ ሲያለቅስ ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ሲያቃስት ነው።

«እኔም እኮ እፈራዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። ሲናገሩ አማርኛቸው እንደ ሀዲይኛቸው ቀስ ያለ ነው። «ከማህፀኔ የወጣ ልጅ፣ ሲመጣ ብድግ ብዬ ነው የምቀበለው። እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ይቅሩዋ! እኔ በሆነ ዘዴ . . .»

«ምን ዘዴ አለሽ? አንቺም እንደኔ ትንቀጠቀጫለሽ።» ቅጠሉን ቆረጡት። «እኔ ተራዬን ብዘል ከኔ ቀጥላ ያለችው ትዘላለች። የጥላዬ እናት እንኳ ፈራች ብላ። ከእሷ ቀጥላ ያለችውም። አይ፣ ተራዬ ነው።»

በማግስቱ ሰልፉ ጸጥ ብሎ ነበር። ወሬው በሰፈሩ ሁሉ ደርሷል፤ ቅጠሉን የሚይዘው ማን እንደሆነም ሴቶቹ ያውቃሉ። አንዳቸውም አልተነፈሱም። ጥላዬ በሩ ጋ ቆሟል፣ ካኪ ልብሱ ተተኩሷል። ተገኘ ከጎኑ ነው። እኔ ከፍቼ እቀዳለሁ፣ ግን ጆሮዬ ከእንሰቱ ጓሮ በስተጀርባ ነው። በዚያን ጠዋት ምንም ድምፅ አልነበረም። የድመት ድምፅም፣ ማቃሰትም የለም። አምላኬ፣ አልኩ፣ ሞቶ ከሆነ ለምን ይሄ ሁሉ?

ያን ጊዜ ሰልፉ መንገድ ለቀቀ። እማማ እልፍነሽ ጎንበስ ብለው፣ እንስራቸውን በገመድ አዝለው፣ ቅጠሉ አንገቱ ላይ እየተወዛወዘ መጡ። በልጃቸው ፊት አልፈው ቧንቧው ሥር አስቀመጡት። እኔም ከፈትኩት። ፈርቼ ነው የከፈትኩት፤ ልማድ እጄን ቀደመው መሰለኝ።

«እማዬ?» አለ ጥላዬ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

«አቤት።»

«ይሄ . . . የማን ነው?»

«የአራስ ነው።»

«የማን አራስ?»

እማማ እልፍነሽ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«አንተን ስወልድ አባትህ ታስሮ ነበር» አሉት። «ከባላባቱ ጋር በመሬት ተጣልቶ። አርባ ቀን ሙሉ ውሃ መጣልኝ። የማን ሚስት ነሽ፣ ባልሽ ምን አደረገ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የጠባኸው ጡት ከዚያ ውሃ ነው የመጣው።»

ውሃው እንስራው ውስጥ ይንዶቀዶቃል። የጥላዬ ፊት ቀልቶ ቆየና መልሶ ነጣ። ወደ እናቱ አላየም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«አስካለች። ዝጊው።»

እንቢ ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። እሺ ለማለትም አልቻልኩም። እጄ ቧንቧው ላይ ነው፣ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ፣ በዓይኔ ላይ የዳኘ የቀዘቀዘ እራት ይታየኛል። የምናገረውን አላውቅም ነበር፤ አፌ ነው የተናገረው።

«ጓድ፣ እርስዎ ይዝጉት» አልኩና እጄን አነሳሁ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ጥላዬ ቆመ። የሰልፉ ሴት ሁሉ፣ ተገኘም፣ ረሻድም ከሱቁ፣ እሱን ነው የሚያየው። መጣ። ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ያዘ። እንስራው ገና ግማሽ ነው። እናቱ አጠገቡ ናቸው፤ ትንፋሻቸው ይሰማዋል። ያዘው እንጂ አላዞረውም። ውሃው ይወርዳል፣ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይለወጣል፤ ያን ድምፅ ስድስት ዓመት ሰምቼዋለሁና ዓይኔን ጨፍኜም ስንት እንደቀረው አውቃለሁ። አንድ ስንዝር። አራት ጣት። ሁለት ጣት። አፉ ላይ ደረሰ፣ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የጥላዬን ጫማ አረጠበው።

ያኔ ዘጋው።

እማማ እልፍነሽ ጀርባቸውን ሰጥተውት ጎንበስ አሉ፤ ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁ። እሱም የዚህ ሰፈር ልጅ ነው፣ የዘጋ እንደሚያሸክም በልጅነቱ ያውቃል። እንስራውን አንስቶ እናቱ ጀርባ ላይ አደረገው። ገመዱን አስተካከለላቸው። ቅጠሉ ተንሸራቶ ነበር፣ እሱን ሳይቀር ወደ ቦታው መለሰው።

እማማ በጓሮ አልዞሩም። በሕዝብ ፊት፣ በዋናው መንገድ፣ በቀጥታ በጣቢታ ደጅ ገቡ።

ሁሉም እንዳበቃ መስሎኝ ነበር። ሞኝ! ጥላዬ እርጥብ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘረጋልኝ።

«ቁልፉን» አለኝ።

ካንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ለተገኘ ምልክት ሰጠው። ተገኘም «እትዬ አስካለች፣ ለአምስት . . .» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። እኔም የቤቴን በር ሳልቆልፍ ሄድኩ።

የቀበሌው እስር ቤት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ መስኮት የለውም። ብቻዬን ነበርኩ። አሥራ አንድ ቀን ቆይቼ መውጣቴን ዛሬ እንዲህ በቀላሉ እናገራለሁ፤ ያኔ ግን አልወጣም ብዬ ነበር ያመንኩት። መኪና በውጭ ሲያልፍ ሊወስዱኝ ነው እላለሁ። ኮቴ ሲሰማ ግድግዳው ላይ እለጠፋለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ምግብም ውሃም ያመጣልኝ አልነበረም። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ስድስት ዓመት ሰፈር ሙሉ ያጠጣሁ ሴት፣ ምራቄን ለመዋጥ አቃተኝ። ጣቢታ ባዶ እንስራዋን ይዛ ስትወርድ የተሰማት ይሄ ነበር አልኩ። አለቀስኩ፤ እንባዬን እንኳ ላስኩት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሲጥ አለ። ጎኔን ይዤ ጥግ ገባሁ። የመጣው ተገኘ ነው። ጠመንጃው በጀርባው ነው፤ በእጁ ትንሽ ጀሪካን ይዟል። እንደሚያፍር ሰው ቶሎ ብሎ መሬት ላይ አኖራት። ከበሩ በገባው ብርሃን አየኋት፤ አንገቷ ላይ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ታስሯል።

እኔ ወልጄ አላውቅም። አራስ አይደለሁም። ማን ሰጠህ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መለስኩት።

«ሕፃኑ . . .» አልኩት። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ደግሜ ጀመርኩ። «የጣቢታ ልጅ ይጮሃል?»

«ኧረ እሱ ነው የሚጮኸው!» አለ ተገኘ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ያየሁት ያኔ ነው። «ዛሬ ቦኖው ድረስ ተሰማ። አስካለች ተመልሳ መጣች እንዴ ብለው ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።»

በሩን ሊዘጋ ሲል ቆም አለ። ወደ ውጭ ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገም አመጣለሁ» አለኝ። «ተራ ገብተውልሻል።»

ጀሪካኗን በሁለት እጄ አንስቼ ጠጣሁ። የማን እንደሆነች አልጠየቅኩም።